ቃርሚያና የሰው ፊት

ንባብ፤ ዘሌዋውያን 19፥9-10፤ መጽሐፈ ሩት 2፥14-18



በአገራችን «የሰው ፊት እሳት ነው» ይባላል። ይህን ምሳሌ ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ባዶ ቁና ይዞ በጎረቤቱ ደጃፍ የቆመ ሰው እንደ ሆነ እኔ አልጠራጠርም። የጠገበ ሰው እንዲህ ያለውን ቃል ከልቡ አያወጣውምና።

እኔ ይህን እሳት ያወቅሁት በአገሬ ሳለሁ ሳይሆን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ነው። በደጋው ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ልጆቻችሁ በሞያሌ በኩል ወደዚህች ከተማ ስለ ተሻገሩ ስሟን ታውቃላችሁ። ልጆቹ ግን በስልክ የሚነግሯችሁ ደኅና ደኅናውን ብቻ ነው፤ ስለ ቀረው እኔ ጥቂት ልንገራችሁ።

ጊጊሪ ከከተማው መካከል በስተ ሰሜን፥ በካሩራ ደን ጥግ የተቀመጠ ለምለም ሰፈር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በአፍሪካ ያለው ታላቁ ቅጥር በዚያ ይገኛል፤ የብዙ መንግሥታት ኤምባሲዎች፥ የአሜሪካም ጭምር፥ በዙሪያው ተሰልፈዋል። በቪሌጅ ማርኬት የገበያ አዳራሽ የማይገኝ የምግብ ዓይነት ያለ አይመስልም። ከዚህ ሁሉ ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ጊቶጎሮ የሚባል የቆርቆሮ ቤቶች መንደር አለ። ጧት ጧት ከዚያ መንደር የሚወጡት ሰዎች የጊጊሪንና የሩንዳን በር የሚጠብቁት፥ አትክልቱን የሚኮተኩቱት፥ ልብሱን የሚያጥቡት ናቸው። የመንግሥታት ሁሉ ባንዲራ በሚውለበለብበት አጥር ሥር እያለፉ ይሄዳሉ፤ ማታም በዚያው መንገድ ይመለሳሉ።

ከአገራችን የመጡ ስደተኞች በናይሮቢ ምን ይበላሉ ብላችሁ ብትጠይቁ፥ ነገሩ እንዲህ ነው። የስደተኞች የእህል ቀለብ በአብዛኛው የሚታደለው ርቀው ባሉት በካኩማና በዳዳብ መጠለያዎች ነው፤ በከተማ የሚኖር ሰው ግን በራሱ እጅ ያድር ዘንድ ይጠበቅበታል። በመጠለያውም ቢሆን በ2017 ዓ.ም. ገንዘብ ስላነሰ ቀለቡ እጅግ ተቀንሷል። በከተማ ያለው ደግሞ ወረቀቱ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ወረቀት የሌለውንም ሰው ደፍሮ የሚቀጥር ጥቂት ነው። እንግዲህ በዚህ መካከል የቤት ኪራይ አለ፤ ሆድም አለ።

እኔ በዚያ ከተማ ቃሉን ሳገለግል እኖር የነበረው ጽሑፍ እየተረጐምሁ በማገኘው ገንዘብ ነበር። ይህም ሥራ አንድ ጊዜ ሳይታሰብ ቆመ። በመጀመሪያው ወር ከወዳጆች ተበደርሁ። በሁለተኛው ወር ወዳጆቼን መሸሽ ጀመርሁ። በሦስተኛው ወር አንድ ሰው ሳልጠይቀው፥ በጊጊሪ አጠገብ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ለተቸገረ ሁሉ ያለ ዋጋ ምግብ እንደሚታደል ነገረኝ። ስለ እኔ እንደሚናገር ስለ ገባኝ ተቈጣሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሄድሁ።

የሄድሁትም ሰው በማያውቀኝ መንገድ ዞሬ፥ ቆቤን እስከ ቅንድቤ አውርጄ ነው። በኬንያ ፌስታል ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነውና ሰው ሁሉ የጨርቅ ከረጢቱን ከቤቱ ይዞ ይሄዳል። ያች ባዶ ከረጢት ምን ያህል እንደምትከብድ የያዛት ያውቃል። እኔ አጣጥፌ በብብቴ ሸሸግኋት፤ ይህንም ያደረግሁት ወንጌል የተያዘበትን እጄን ከሐሜት ለማዳን እንደ ሆነ ለራሴ ነገርሁት። ይሉኝታ ብዙ ጊዜ የመንፈሳዊነትን ልብስ ትለብሳለች።

ሰልፉ ረጅም ነበር። የሚሰጠው ሁለት ኪሎ የበቆሎ ዱቄት፥ ጥቂት ባቄላ፥ ግማሽ ሊትር ዘይት፥ አንድ እስር ጎመን ነው። ጎመኑን የአገሩ ሰዎች ሱኩማ ዊኪ ይሉታል፤ በቋንቋቸው ሳምንቱን መግፊያ ማለት ነው። ከስሙ የድኻውን ኑሮ ሁሉ ማንበብ ይቻላል። እኔም ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ተራዬን ስጠብቅ፥ ከፊቴ የቆሙ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ድንገት ዞር ብለው በአማርኛ፥ «ወንጌላዊ ነዎት አይደል?» አሉኝ።

መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ ነበር። እርሳቸው ግን እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው፥ «እሰይ፥ እንኳን መጡ! የአገሬ ሰው እኔ ብቻ የምለምን መስሎኝ እስከ ዛሬ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምመጣው» አሉ።

ወገኖቼ ሆይ፥ ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ መጽሐፈ ሩትን እንደ ቀድሞው ማንበብ አልቻልሁም። አብረን እንመልከተው።

በሙሴ ሕግ ባለ እርሻው የእርሻውን ዳር አጥርቶ እንዳያጭድ፥ የወደቀውን ቃርሚያ እንዳይለቅም፥ የወይኑን ቃርሚያም ለድኻውና ለመጻተኛው እንዲተው ታዝዞአል። ይህን ሕግ የደጋ ሰው ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ነዶ ታስሮ ወደ አውድማ ከሄደ በኋላ በማሳው ላይ የሚቀረውን ዘለላ ማን እንደሚለቅመው እናውቃለን፤ መበለቲቱና የእርሷ ልጆች ናቸው። አባቴ በአጨዳ ቀን አጫጆቹ ጥጉን ሲያጸዱ ካየ ይቈጣ ነበር። «ለወፍም ለሰውም አስቀሩ» ይላቸው ነበር፤ ሕጉን ከዘሌዋውያን አንብቦ አልነበረም።

በዚህ ሕግ ውስጥ ግን ሳንመለከተው የምናልፈው አንድ ነገር አለ። ባለ እርሻው ቃርሚያውን ለማን እንደሚሰጥ አይመርጥም። መዝገብ አይዝም፤ አያሰልፍም፤ ምስጋናም አይቀበልም። ዳሩን ትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድኻውም መጥቶ ሲለቅም የባለ እርሻውን ፊት አያይም፤ የሚያየው የእግዚአብሔርን ምድር ነው። እግዚአብሔር የሰው ፊት እሳት መሆኑን ያውቃልና ድኻውን ከእሳቱ ጋረደው።

ሩትም ሞዓባዊት ናት፤ መበለት ናት፤ ለአገሩ እንግዳ ናት። በእኛ ዘመን ቢሆን ወረቀት የሌላት እንላት ነበር። ልሂድና ልቃርም ብላ አማቷን ያስፈቀደችው ራሷ ናት፤ ይህም ቀላል አይደለም። ኑኃሚን በቤተ ልሔም ዘመድ ያላት ሴት ስትሆን አልወጣችም፤ ምናልባት ሙሉ ሆና ወጥታ ባዶዋን በመመለሷ አፍራ ይሆናል። መጽሐፉ ምክንያቱን አይነግረንም፤ እኔ ግን የብብቴን ከረጢት ሳስታውስ እንዲህ ይመስለኛል።

ቦዔዝ ያደረገውን ደግሞ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በምሳ ጊዜ ከአጫጆቹ ጋር አስቀመጣት እንጂ ተለይታ ትብላ አላለም። ከሆምጣጤው አጠቀሰች፤ የተጠበሰውን እሸት ቦዔዝ በእጁ ሰጣት፤ በልታም ጠገበች፤ ተረፋትም። ከተነሣች በኋላም ጎልማሶቹን ለብቻቸው አዘዛቸው፤ በነዶዎቹ መካከል ብትለቅም እንዳያሳፍሯት፥ ከታሰረውም እየመዘዙ እንዲጥሉላት፥ እንዳይገሥጿትም። ቦዔዝ ስጦታውን ወድቆ የተገኘ እንዲመስል አድርጎ ሰጠ። ሩት ያን ቀን ማታ የወቃችው ገብስ አንድ የኢፍ መስፈሪያ ሆነ፤ ይህም ወደ 22 ሊትር የሚጠጋ ነው። አንዲት ቃራሚ በአንድ ቀን ይህን ያህል አታገኝም፤ እንዴት እንደ በዛላት ግን በማሳው ላይ የነገራት ሰው የለም።

እንግዲህ ከዚህ ማሳ ወጥተን የእኛን ዘመን አሰጣጥ እንይ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በገባ ጊዜ፥ ሚያዝያ 2 ቀን በናይሮቢ ኪቤራ በሚባለው የድኾች መንደር ዱቄትና ዘይት ይታደላል ተብሎ ብዙ ሕዝብ በአንድ የመንግሥት ግቢ በር ላይ ተሰበሰበ። በሩ ጠባብ ነበር፤ ሕዝቡም ተራበ፤ ግፊያ ሆነ፤ ፖሊስ አስለቃሽ ጢስ ተኮሰ፤ ሴቶችና ሕፃናት ተረግጠው ብዙዎች ቈሰሉ። ያ ቀን በምዕራባውያን አቆጣጠር የስቅለት ዓርብ ነበር። የዱቄቱ ሰጪዎች ክፉ አስበው አልነበረም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ምግብን ወደ ሕዝብ ማምጣት አንድ ነገር ነው፤ ሕዝብ ሰው መሆኑን ማስታወስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

እኔም በሌላ ጊዜ፥ ስሙን በማልጠቅሰው ስፍራ፥ ከረጢቱ ከመሰጠቱ በፊት ፎቶግራፍ እንድንነሣ ተደርገናል። ዱቄቱን ከፍ አድርጋችሁ ያዙ፥ ፈገግ በሉ ተባልን። አንዲት ወጣት ፊቷን በሻሽዋ ስትሸፍን አስተባባሪው ሻሹን እንድታነሣ ነገራት፤ እርስዋም ዱቄቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጥታ ሄደች። በዚያች ቀን እርስዋ ምን እንደ በላች አላውቅም። ጌታችን ግራ እጅ የቀኙን ሥራ እንዳያውቅ ማዘዙ ስለ ሰጪው ትሕትና ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ስለ ተቀባይዋም ሻሽ እንደ ሆነ የተረዳሁት በዚያን ጊዜ ነው።

ነገር ግን በዚያችው ከተማ የቦዔዝን ጥበብ ያገኙም አሉ። ፉድ ፎር ኤጁኬሽን የተባለው የኬንያውያን ማኅበር ለተማሪዎች ምሳ ያበስላል። ልጁ በእጁ አንጓ ላይ ትንሽ አምባር ያስራል፤ ወላጅ ጥቂት ሽልንግ በስልክ ይከፍልለታል፤ ልጁም አምባሩን ነክቶ ምሳውን ይወስዳል። በሰልፉ የቆመው ጓደኛው የማን አባት እንደ ከፈለ የማን እንዳልከፈለ አያይም። ፉድ ባንኪንግ ኬንያ የሚባለው ደግሞ ከእርሻዎች የተረፈውን፥ መልኩ አላማረም ተብሎ ከገበያ የቀረውን አትክልት ሰብስቦ ለሕፃናት ማሳደጊያዎችና ለትምህርት ቤቶች ያደርሳል። ይህ በግልጥ ቃርሚያ ነው፤ ካሮት ጠማማ ቢሆን በድስት ውስጥ ማን ያውቀዋል?

የምግብ ባንክ የሚለው ስም ራሱ እንዴት እንደ ተጀመረ ብትሰሙ ደስ ይላችኋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በአሜሪካ በፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው ለድኾች ምግብ ያበስል ነበር። አንዲት የብዙ ልጆች እናት ልጆቿን የምትመግበው የምግብ መደብሮች ከሚጥሉት ከቆሻሻ ማጠራቀሚያ እንደ ሆነ ነገረችው፤ ሰው ገንዘቡን በባንክ እንደሚያኖር ምግብም የሚኖርበት ስፍራ ሊኖር ይገባል የሚለውን አሳብ የሰጠችው እርስዋ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ አሳብ ከተራበች ሴት አፍ ወጣ። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በዚሁ ስም ከሕዝቡ ዱቄት፥ ዘይትና ፓስታ ሰብስቦ ለተቸገሩት አካፍሏል።

የሉተራን ልጆች ግን ይህን ከሩቅ አገር እንደ መጣ እንግዳ ነገር ልንቈጥረው አይገባም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1523 ዓ.ም. በሳክሶኒ ምድር ላይስኒግ በተባለች ከተማ የነበሩ ምእመናን የጋራ ሣጥን አቆሙ፤ ማርቲን ሉተርም መቅድም ጽፎ ሥርዓታቸውን አሳተመላቸው። በሣጥኑ ገንዘብ፥ በጎተራውም እህል ለሽማግሌው፥ ለወላጅ አልባውና ለእንግዳው ሊቀመጥ ነበር። ለሣጥኑም አራት ቁልፎች አደረጉ፤ አንዱን መኳንንቱ፥ አንዱን የከተማው ሸንጎ፥ አንዱን የከተማው ሕዝብ፥ አንዱንም ገበሬዎቹ ያዙ። አራቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ሥርዓቱ በገንዘቡ ላይ በተነሣ ክርክር እንደ ታሰበው አልተፈጸመም፤ ይህንም መደበቅ አይገባም።

አራት ቁልፍ ስለ ምን አስፈለገ? በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት በአገራችን የሆነውን አስታውሱ። ለተራበው የመጣው ስንዴ ከተራበው እጅ ሳይደርስ እየተወሰደ በገበያ መሸጡ ስለ ታወቀ፥ የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ መንግሥት እርዳታውን በአገሪቱ ሁሉ አቆሙ፤ ለብዙዎች እስከ 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት አልተመለሰም። የሰረቀው ሌላ ነበር፤ የተራበው ሌላ ሆነ። ስለዚህ በየማኅበራችን ጎተራ ለመክፈት የምታስቡ፥ ከዱቄቱ በፊት የቁልፉን ነገር ተነጋገሩ። ቄሱ ብቻውን አይያዘው። ስለ ቄሱ ነፍስም ይሻላል።

አንዳንዶች ሊሠራ የማይወድ አይብላ የሚለውን የሐዋርያውን ትእዛዝ ይዘው ይነሡብን ይሆናል። መልካም ነው፤ ቃሉ የእግዚአብሔር ቃል ነው። ነገር ግን ጳውሎስ የተናገረው በተሰሎንቄ እየዞረ ወሬ ስለሚያበዛና መሥራት ስለማይወድ ሰው ነው፤ ሥራ ፈልጎ ስላጣ፥ ወይም መሥራት ስለ ተከለከለ ሰው አይደለም። ያው ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች ከመቄዶንያና ከአካይያ ገንዘብ ሲሰበስብ ብዙ ደክሟል። ሩትም ከጧት ጀምራ ቆማ እየለቀመች ነበር፤ ለቃሚም እንደ አጫጅ ወገቡን ያመዋል።

ጉዲና ቱምሳ በዋና ጸሐፊነት ባገለገሉበት ዘመን፥ በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ አገር ረዳቶቿ በላከችው ደብዳቤ፥ ወንጌልን መስበክንና የሰውን ሥጋዊ ኑሮ መርዳትን ሁለት አድርጋችሁ አትቍረጡብን፥ ሰው አንድ ነውና ስትል ተከራክራለች። ደብዳቤው ለሰጪዎች የተጻፈ ነው። እኔ ግን በጊጊሪ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳስበው ለእኔም የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። እኔ ነበርሁ ሁለት አድርጌ የቆረጥሁት። እሑድ በጌታ ማዕድ ፊት ተንበርክኬ ባዶ እጄን ስዘረጋ ማን አየኝ ብዬ አልዞርሁም። ዋጋ አልከፈልሁም፤ የሚገባኝ ስለ ሆነም አልተሰጠኝም፤ ከአጠገቤ የተንበረከከው ሰውም እንደ እኔው ባዶ እጁን ነው። ቅዳሜ ግን የበቆሎ ዱቄት ለመቀበል ቆቤን አወረድሁ። ጸጋ ያለ ዋጋ ነው ብዬ ሃያ ዓመት ሰብኬ፥ ያለ ዋጋ የሆነ አንድ ነገር በእጄ ሲገባ ተቃጠልሁ።

ሉተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1546 ዓ.ም. በአይስሌበን ሊሞት ጥቂት ቀን ሲቀረው በጻፋት ቁራጭ ወረቀት ላይ፥ እኛ ሁላችን ለማኞች መሆናችንን አስፍሮ ተገኝቷል። መጻሕፍቱ መደርደሪያ የሚሞሉ ታላቅ መምህር የመጨረሻ ቃሉ ይህ ሆነ። እኔ ቃሉን በሴሚናር ተምሬው ነበር። የገባኝ ግን ነጠላ የለበሱ እናት «እንኳን መጡ» ባሉኝ ጊዜ ነው። እኔ ተደብቄ በቆየሁባቸው ሳምንታት እርሳቸው ብቻቸውን ሲያፍሩ ኖረዋል። ክብሬን ስጠብቅ እኅቴን በእሳቱ ፊት ብቻዋን አቁሜአት ነበር።

ስለዚህ በደጋው ላላችሁ፥ ከቤታችሁ ጎተራ ላላችሁ፥ ይህን እለምናችኋለሁ። በሰበካችሁ ያለችውን የምታውቋትን ሴት ሁሉ ሰው ወጥቶ ካለቀ በኋላ በጓሮ በር አትጥሯት፤ በሰው ሁሉ ፊትም ስሟን አትጥሩ። አብራችሁ አስቀምጧትና ብሉ፤ ከነዶው ግን መዝዛችሁ ጣሉ። ባዶ ከረጢት በብብቱ የያዘውን ደግሞ፥ ምናልባትም ይህን መጽሔት በእጁ የያዘውን ወንድሜን፥ ና እለዋለሁ። ከፊትህ የቆመችው ሴት አንተን እየጠበቀች ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ። ተራችን ደርሶ ከረጢታችንን ሞልተን ወጣን። በግቢው በር አጠገብ እናታችን ቆመው ከያዙት ሌላ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ዘይቱን በጥንቃቄ እኩሌታውን ገለበጡ። ጠርሙሱን ለማን እንደ ያዙት ጠየቅኋቸው። በጊቶጎሮ ከጎናቸው የምትኖር አንዲት የአገሩ ሴት ስለ ወለደች መሰለፍ እንዳልቻለች ነገሩኝ። «ቋንቋችን አይገናኝም» አሉ፤ «ዘይት ግን ዘይት ነው።»

ሩትም በልታ ከጠገበች በኋላ የተረፋትን እሸት አውጥታ ለኑኃሚን ሰጠቻት። ይህን የሚናገረው 18ኛው ቁጥር ነው፤ ቤታችሁ ስትገቡ አንብቡት።

አሜን።